ወንዙ የለያቸው ሕሙማን

«መድኃኒቱ ያድናል ብለን እያመንን፣ ለምን ለከፊሎቹ ሰጥተን ለከፊሎቹ ሳንሰጥ እናጠናለን? ለሞት በቀረበ ሰው ላይ ይህ ግፍ አይደለም ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ፣ ትርሲት። ከርኅራኄ የመጣ ጥያቄ ነው። እንግዲያው ስሚኝ።

አንድ ሐኪም ነበረ። በአገሩ የታወቀ ባለ ዋግምት ነበር። ትኩሳት የጣለው በሽተኛ ሲያገኝ፣ መጥፎው ደም ይውጣለት ብሎ በቀንድ ይቀዳለት ነበር። የዳኑት በግ እየጎተቱ ሊያመሰግኑት ይመጣሉ። የሞቱት አይመጡም። ዘመዶቻቸውም «ቀኑ ደርሶ ነው፤ አንተማ የምትችለውን አድርገሃል» ይሉታል። እርሱም ያምናቸዋል።

አንድ ክረምት ብርቱ ወረርሽኝ ገባ። ሐኪሙ ከቤት ቤት እየዞረ ደም ሲቀዳ ሰነበተ። ሚስቱም ታመመች።

«ተወኝ፤ አቅም የለኝም» አለችው።

«ላንቺው ብዬ ነው» አላትና ደሟን ቀዳ። በማግሥቱ አረፈች።

ከወንዙ ማዶም ብዙ ሕሙማን ነበሩ፤ ነገር ግን ወንዙ ሞልቶ መሻገሪያ አጣ። «እነዚያስ አለቁ» እያለ ያለቅስ ነበር።

ውሃው ሲጎድል ሊያስተዛዝን ተሻገረ። አለቁ ብሎ ያለቀሰላቸው ሰዎች ማሳ ውስጥ ሲያርሙ አገኛቸው። የሞቱም ነበሩ፤ በእርሱ መንደር ከሞቱት ግን እጅግ ያንሳሉ።

«ምን ሰጣችኋቸው?» ብሎ አንዲት እናትን ጠየቀ።

«ምን አለንና! ውሃና አጥሚት እያጠጣን አለቀስን። ምነው አንተ ደርሰህልን ቢሆን! የሞቱትም በዳኑ ነበር» አለችው።

ሐኪሙም ወደ መንደሩ ተመለሰና ከዚያ በፊት አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ የሞቱት ሰዎች ቤት ገብቶ «ደሙን ሳልቀዳው በፊት እንዴት ነበረ?» እያለ ይጠይቅ ጀመር።

አንድ አባት «ልጄማ ያን ጠዋት ቀና ብሎ አጥሚት ጠጥቶ ነበር። ምነው?» አለው።

«የገደልሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም» አለ ሐኪሙ።

አባትየው «ታዲያ ያኔ ለምን አልጠየቅህም?» አለው።

ሐኪሙ ከዚያ ወዲያ ደም አልቀዳም። የሄዱትን ግን አልመለሰም።

ልጄ፣ እኛም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ እንደዚያ ሰው ነን። የዳነው ይመርቀናል፤ የሞተውን «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። ከመድኃኒታችን የትኛው እንደሚያድን፣ የትኛው እንደሚገድል በዚህ አይለይም። እርሱ ያወቀው ወንዝ ስለሞላ ነው፤ ያውም ከረፈደ። እኛ ቤተሰብ አስፈቅደን፣ በዕጣ ለይተን፣ ሁለቱንም ወገን እኩል እያስታመምን፣ የዳነውንም የሞተውንም የምንመረምረው እንደ እርሱ እንዳይረፍድብን ነው። በሽተኛሽን እንደምትወጂ አውቃለሁ። እርሱም ሚስቱን ይወድ ነበር።