አትጠገብና የላብ ፍርድ

ጠጋ ጠጋ በሉ። ትንሹም ይስማ፣ ትልቁም ይስማ፤ ጆሮ ዕድሜ አይጠይቅም። ድሮ ድሮ፣ ፈረስ እንደ ሰው አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ስሙን እኔም ባልሰማሁት አገር አትጠገብ የምትባል ሴት ነበረች። አገሩ ደጋ ነው፤ ከሥሩ ግን ድንጋዩ እንደ ምድጃ የሚፋጅ ቆላ ተዘርግቷል። አትጠገብ ከአባቷ የወረሰችው አንድ ዳማ ፈረስ ነበራት፤ ስሙንም ዳማ ብላ ትጠራዋለች። በእሱ ላይ ሆና ገብስ ወደ ቆላ ታወርዳለች፣ ጥጥ ወደ ደጋ ታወጣለች፤ የማንንም እጅ ሳታይ ትኖራለች።

መቼም ሰው ያለ እንከን አይፈጠርም። የአትጠገብ እንከን ላብ ነው። በእግሯ ስትሄድ እንደ ማንም ናት። ፈረስ ላይ ወጥታ ፀሐይ ከነካቻት ግን ከግንባሯ ጠብ ጠብ፣ ከአንገቷ ኩልል፣ ከጀርባዋ ዥው! ላቡ ዓይኗን ያቃጥላታል፣ ልጓሙ ከእጇ ሙልጭ ይላል፣ ገበያ ስትደርስ ቀሚሷ ከወንዝ የወጣ ይመስላል።

ገበያተኛውም፣ "አትጠገብ በፈረስ መጣች ወይስ በዋና?" እያለ ይስቅባታል። ስም አወጡላት፤ ምንጬ አሏት።

እሷም አፈረች። ላቧ እንዳይታይ በዚያ ሐሩር ላይ ጥቁር ካባ ደረበች፤ ባሰባት። ላብ እንዳይኖራት ብላ በመንገድ ላይ ውሃ መጠጣት ተወች። ይኼኔ አንድ ቀን ቆላው መሐል ራሷ ዞረ፣ ዓይኗ ጨለመ፣ ከዳማ ጀርባ ዘጭ አለች።

ዳማ ጥሏት አልሄደም። በላይዋ ቆሞ በገላው አጠለላት። ዓይኗን ስትገልጥ በአፍንጫው ጎሰም አደረጋትና፣

"እኔንስ አያልበኝም?" አላት። "አረፋ እስኪደፍቀኝ ያልበኛል። እኔን ሲያዩ 'እሰይ ጎበዝ ፈረስ!' ይላሉ፤ አንቺን ሲያዩ ይስቃሉ። እስቲ ንገሪኝ፣ እኔ ካላበኝ በኋላ ምን አደርጋለሁ?"

"ውሃ ትጠጣለህ።"

"ከዚያስ?"

"አሞሌ ጨው ትልሳለህ።"

"ከዚያስ?"

"ጥላ ትፈልጋለህ።"

"አንቺስ ምን ታደርጊያለሽ?"

አትጠገብ እርጥብ ካባዋን ሰብሰብ አደረገች።

"አንቺ ታፍሪያለሽ!" አላት ዳማ። "እፍረት ደግሞ ጥም አይቆርጥም።"

ከዚያች ቀን ወዲያ አትጠገብ ካባውን አውልቃ ጣለች። ስስ ነጠላ ውሃ ነክራ ከራሷ እስከ አንገቷ ትጠመጥማለች። ልጓሙን ከእጇ እንዳይሾልክ በጨርቅ ጠቀለለችው። ከኮርቻዋ ላይ የውሃ ቅል አንጠለጠለች፤ ሳይጠማት ትጠጣለች፣ ከአሞሌም ቆንጠር አድርጋ ምላሷ ላይ ጣል ታደርጋለች። ግራር ስታይ ትወርዳለች፣ ዳማንም ታሳርፋለች። ላቡ? ላቡማ እንደ ድሮው ይወርዳል! ግን እሱም በራሱ መንገድ ይሄዳል፣ እሷም በራሷ መንገድ ትሄዳለች።

በዚያው አገር ሸጋው የሚባል ሰው ነበር። ስሙ ሸጋው፣ መልኩ ሸጋ፣ ልብሱ ነጭ በነጭ። አምባላይ የሚባል ጸዓዳ ፈረስ አለው። አንድ ነገር ብቻ ይከነክነዋል፤ በውድድር ሁሉ ዳማ አምባላይን ይቀድመዋል። ሸጋውም ዳማን ለመግዛት ለመነ፤ አትጠገብ እምቢ አለች። "የማይገዛ ነገር በሌላ መንገድ ይገኛል" አለ በልቡ።

የአገሩ ባላባት ግራዝማች ይመኑ ይባላሉ። ደግ ናቸው፣ ግን የሰሙትን ሁሉ ያምናሉ። ከአያቶቻቸው የወረሱት የብር ልጓም ነበራቸው፤ በጋጣው ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ያበራል። አንድ ቀን ምሰሶው ባዶውን ተገኘ። በዚያ ቀን ወደ ጋጣው የገቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አዲስ የተወለደውን ውርንጭላ ለማየት የገባችው አትጠገብና ሸጋው።

ሁለቱም ተጠሩ። ሁለቱም "እኔ አልወሰድኩም" አሉ። ግራዝማች ጢማቸውን ቢያሻሹ፣ ሰማይ ቢያዩ፣ መላ ጠፋቸው። ይኼኔ ሸጋው ጎንበስ ብሎ፣

"ጌታዬ ግራዝማች፣ እኔ ብልሃቱን ልንገርዎ" አለ። "ሌባ ይፈራል። የፈራ ያልበዋል። ነገ በእኩለ ቀን ሁለታችንም በፈረስ ቆላውን እንሻገር። እርስዎ ከሽማግሌዎቹ ጋር ማዶ ካለው ሾላ ሥር ይጠብቁን። ላቡ የወረደ፣ እሱ ሌባ ነው።"

"ግሩም ነው!" አሉ ግራዝማች።

በአገሩ ሕግ ሌባ ከአገር ይባረራል፣ ፈረሱም አብሮት ተጠርጥሮ ንጹሕ ለሆነው ይሰጣል። አትጠገብ ወጥመዱን አየችው።

"ግራዝማች፣ እኔን እንደሚያልበኝ አገር ያውቃል። ይህ ፍርድ ሳልሄድ የተፈረደ ነው" አለች።

"ያልሰረቀ ምን ያስፈራዋል?" አለ ሸጋው ፈገግ ብሎ።

ግራዝማችም፣ "ንጹሕ ከሆንሽ እግዜር ያደርቅሻል" አሉና ፍርዱ በዚያው ጸና።

አትጠገብ ቤቷ ገብታ የዳማን አንገት አቅፋ አለቀሰች። "ነገ አንተን ይወስዱብኛል" አለችው።

"ነገ ገና ነው" አላት ዳማ። "ዛሬ ውሃ ጠጪ።"

ጠጣች። ለእሱም ሰጠችው።

ሸጋው ደግሞ በዚያ ማታ እንስራውን ገለበጠ። ቆሎ ቆርጥሞ፣ አንድ ጉንጭ ሳይጠጣ ተኛ። አምባላይ ገንዳውን ባዶ አግኝቶ፣ "ጌታዬ፣ ውሃ" ቢለው፣

"ያልጠጣ አያልበውም፤ ያላላበው አይታማም!" አለው።

በማግስቱ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሁለቱ ከገደሉ አፋፍ ተነሡ። ገና ቁልቁለቱን ሳይጨርሱ የአትጠገብ ላብ መጣ። ጠብ ጠብ፣ ኩልል፣ ዥው! ሸጋው እንደ ደረቀ እንጨት ሆኖ ዞር አለና ከት ብሎ ሳቀ።

"ምንጬ ፈለቀች! ደህና ሁኚ ምንጬ! ዳማን በደንብ አበላዋለሁ!" ብሎ አምባላይን ኮለኮለው።

አትጠገብ አልቸኮለችም። ከቅሏ ጠጣች፣ አሞሌዋን ቀመሰች፣ ነጠላዋን አረጠበች፣ በልኳ ሄደች።

ከቆላው መሐል አንዲት ቀጭን ጅረት አለች። አምባላይ የውሃውን ሽታ ሲያገኝ እግሩ ቆመ።

"ጌታዬ፣ አንድ ጉንጭ ብቻ!"

"ያልጠጣ አያልበውም፤ ያላላበው አይታማም!"

"ጌታዬ፣ ምላሴ እንጨት ሆነ።"

"ያልጠጣ አያልበውም፤ ያላላበው አይታማም!" አለና በአለንጋ ሾጠው።

አትጠገብ ከኋላ ደረሰች። ወረደች። ዳማን አጠጣች፣ አንገቱንና እግሩን አራሰችለት፣ ቅሏን ሞላች፣ ከግራር ሥር አረፍ ብላ እንደገና ወጣች።

ትንሽ እንደሄዱ ዳማ ጆሮውን አቆመ። ከፊት ለፊት አምባላይ ጭንቅላቱን ደፍቶ ቆሟል። ሸጋው ከእግሩ ሥር ተዘርሯል። አትጠገብ ሮጣ እጇን ግንባሩ ላይ ብታደርግ እንደ ጋለ ምጣድ ፈጃት። አንዲት ጠብታ ላብ የለውም። ዓይኑን ገልጦ፣ "እማዬ፣ በሩን ዝጊው፣ በረዶ እየገባ ነው" ይላል፤ በዚያ ሐሩር!

"የእጁን አገኘ" አለ ዳማ። "ነይ እንሂድ። ሊያሳድድሽ የተነሣ ሰው ነው።"

አትጠገብ ቆመች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንድ እግሯ ወደ እርካቡ ሄዶ ነበር። ግን ያች እሷ የወደቀችባት ቀን በዓይኗ መጣች።

"አይሆንም ዳማ" አለች። "ሰው ነው። ደግሞስ እዚህ ከሞተ እውነቱም አብሮት ይቀበራል፤ እኔም እድሜ ልኬን ሌባ እባላለሁ።"

ጎትታ ጥላ ውስጥ አስገባችው። ነጭ ልብሱን ፈታች፣ ውሃ በደረቱና በብብቱ አፈሰሰች፣ እርጥብ ነጠላዋን ከራሷ ፈትታ በአንገቱ ጠመጠመች፣ በቅጠል አራገበችለት። ነፍሱ መለስ ስትል በትንሽ በትንሹ አጠጣችው። ለአምባላይም በእፍኟ ደጋግማ ሰጠችው።

አምባላይ እንባው በጉንጩ ወረደ። "እትዬ፣ የጌታዬን ምስጢር እዚህ ቆላ መሐል ባወጣ ሐሜት ይሆንብኛል" አላት። "በሸንጎ ፊት ከጠየቁኝ ግን እኔ ውሸት አላውቅም።"

አትጠገብ ነገሩ ገባት። ሸጋውን አምባላይ ላይ ጭና፣ እሷ ዳማ ላይ ሆና፣ ሁለቱንም ፈረስ ወደ ሾላው መራች።

ግራዝማችና ሽማግሌዎቹ ከሩቅ አዩ። አትጠገብ ከጸጉሯ እስከ ተረከዟ ርሳለች። ሸጋው ኮርቻው ላይ ተጣጥፎ እንደ አመድ ደርቋል። ግራዝማች ብድግ ብለው፣

"ላቧ ይኸው! ሌባዋ ታወቀች!" አሉ።

አትጠገብ ከዳማ ወረደች። ላቧን አልጠረገችም፤ አንገቷን ቀና አደረገች።

"ግራዝማች፣ እንዲህ ከሆነ ከሰው ሁሉ ንጹሕ ሬሳ ነው፤ ሬሳ አያልበውምና። ይኸው የደረቀውን ሰው ሳይሞት አመጣሁልዎ። ይልቅስ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ፈረስ ሌብነት አያውቅም፣ ፍርሃትም የለበትም። ዳማ እንዲህ በላብ ሲጠመቅ አምባላይ ለምን ደረቀ?"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ግራዝማች ወደ አምባላይ ጠጋ ብለው፣

"አምባላይ፣ ለምን አላላበህም?" አሉት።

"ከትናንት ጀምሮ ውሃ ተከልክዬ ነው ጌታዬ። እሱም አልጠጣም። ውሃ በለመንኩት ቁጥር 'ያልጠጣ አያልበውም፤ ያላላበው አይታማም' ይለኛል።"

ሸንጎው ጉምጉም አለ። ግራዝማች ግንባራቸውን ቋጠሩ።

"ንጹሕ ሰው ከላቡ ጋር ምን አጣላው?"

"እሱን ከኮርቻዬ ሥር ይጠይቁ" አለ አምባላይ። "ቤቴ ይፈተሻል ብሎ ከግላሱ ጨርቅ ውስጥ ሰፍቶታል። ጀርባዬን ልጦ ጨረሰው።"

ሸጋውን ደግፈው አወረዱት። ግላሱን በቢላዋ ቢቀዱት፣ ያ የብር ልጓም በፀሐይ ላይ ቦግ አለ!

አሁን ጉድ ስሙ። አትጠገብ ያጠጣችው ውሃ ለካ ሰውነቱ ውስጥ ገብቶ ነበር። ልጓሙ ብቅ ሲል ከሸጋው ግንባር አንዲት ጠብታ ጠብ አለች። ሁለተኛዋ ተከተለች። ከአንገቱ ኩልል፣ ከጀርባው ዥው! ያ ነጭ ልብስ ገላው ላይ ተለጠፈ።

አንድ ሽማግሌ፣ "ወይ ጉድ፣ ብልሃቱስ እውነት ነበር! የሌባው ላብ ይኸው ወረደ!" ቢሉ ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ዳማ እንኳ አሽካካ።

ግራዝማች አልሳቁም። ነጠላቸውን በአክብሮት አጣፍተው ከአትጠገብ ፊት ቆሙ። የእሳቸውም ፊት በላብ ርሷል።

"ልጄ፣ በጆሮዬ ዳኘሁ፣ በዓይኔ አፈርኩ። ይቅር በይኝ። በሕጉ መሠረት የሌባው ፈረስ ያንቺ ነው፤ እሱም ከአገር ይውጣ።"

"አምባላይን እወስዳለሁ" አለች አትጠገብ። "ጀርባው እስኪድን ማንም አይቀመጥበትም። ሰውየውን ግን አያባርሩት። ከዚያ ከጅረቱ ዳር ዳስ ይጣልለት፤ ቆላውን ለሚሻገር ሰውና ከብት ውሃ ይቅዳ፣ አሞሌ ያቀብል።"

"ይሁን!" አለ ሸንጎው በአንድ ድምፅ።

ሸጋውም ዳሱን ጣለ፣ ቅል ተሸክሞ ዋለ። መጀመሪያ እያጉረመረመ ነበር አሉ፤ በኋላ ግን መንገደኛው ሲመርቀው ፊቱ እየፈታ መጣ። አትጠገብ ደግሞ በዚያው በፍርዱ ዕለት ዳማ ላይ ተቀምጣ፣ አምባላይን ከጎኗ አድርጋ ወደ ደጋው ወጣች። ወሬው ቀድሟት ኖሮ ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶ ጠበቃት። ሴቶቹ እልል አሉ። ላቡ በጉንጯ ሲወርድ አንዲት አሮጊት መቀነታቸውን ፈትተው ሊጠርጉላት እጃቸውን ዘረጉ።

"ይተዉት እማማ" አለች እየሳቀች። "ሠርቶ የመጣ ላብ ነው።"

ተረቴ ከኮርቻው ወረደ፤ እናንተ ይህችን ይዛችሁ ውጡበት፦

በላብ የራሰውን ነፋስ ያደርቀዋል፤ በሌብነት የራሰውን ማን ያደርቀዋል?