ዘፈን አውራጁና ነፍሰ ጡሯ

አንድ ነፍሰ ጡር ሴት ነበረች፤ አንጓች ይሏታል። የመጀመሪያው ፅንስ ወርዶባት ስለነበር በዚህኛው እንቅልፍ አጣች። የልጁ እጅ በቦታው ይበቅል ይሆን? ሴት ከሆነችስ የራሷን ማህፀን ማን ይሠራላታል? የሠፈሩን አዋላጅ እትዬ ይመኙሻልን ባገኘች ቁጥር የምትጠይቀው ይህንኑ ነው።

አዋላጇ፣ ሰውነት ከጥቃቅን ሴሎች እንደተሠራ፣ እያንዳንዱም ሴል የሙሉውን ሰው አሠራር በውስጡ እንደያዘ ነገረቻት። አንጓች ይባስ ደነገጠች።

«ሁሉም ሁሉን ካወቀማ ዓይኑ ጉልበቱ ላይ ቢወጣስ፣ እትዬ?»

ይመኙሻል ሳቀችና እጇን ይዛ ወደ ማሳው ዳር ወሰደቻት። የአንጓች ባል ደቦ ጠርቶ ጤፍ ያሳጭዳል። ለአጫጆቹ ዘፈን እያወረደ፣ አሁን የትኛውን ሥራ እንደሚሠሩ በስንኙ የሚመራቸው አያ ደምለው ነው፤ እሱ ማጭድ አልያዘም። ይመኙሻል ና ውሃ ጠጣ ብላ ጠራችው። መጣ፤ ዘፈኑም ቆመ።

ጥቂት ቆይቶ አንዱ ነዶ ማሰር ጀመረ። ሌላው ገና ያልታጨደውን ትቶ ወደ ክምሩ ሄደ። ሌላው ማጭዱን ሊስል ቁጭ ሲል ጓደኛው «አማቶችህ ቤት የተጋበዝክ መሰለህ እንዴ?» ብሎ ተረበው። ሥራውንማ ሁሉም ያውቃል፤ አሁን የቱ እንደሆነ የሚነግራቸው ነው የጠፋው። ደምለው ተመልሶ አንድ ስንኝ ሲያወርድ ሁሉም ወደ አጨዳው ተመልሶ ሰልፉ ገጠመ።

«በሆድሽ ባለው ልጅ ሴሎች ውስጥም እንዲህ ያሉ አውራጆች አሉ» አለች ይመኙሻል። «ይሄን ሥራ፣ ያን ተው እያሉ ሴሉን የሚመሩ። መጀመሪያ ላይ ወንዱም ሴቷም አንድ ዓይነት ናቸው። ወንድ ከሆነ አንዱ አውራጅ የወንድ ፍሬ ሥሩ ብሎ ለትንሽ ጊዜ ያወርድና ለሌላው አቀብሎ ዝም ይላል። ሴት ከሆነች ደግሞ እንቁላል ማፍሪያዋ እንዳለ እንዲቆይ፣ አድጋ እንኳ ዝም የማይልላት አለ።»

አንጓች ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። እንዲህ ያለ ደቦ በውስጧ እንዳለ አስባ አታውቅም። ከዚያ ቀስ ብላ፣ አውራጆቹ አይሳሳቱም ወይ ብላ ጠየቀች።

«አንዳንዴ ይሳሳታሉ። ያ ግን ያንቺ ጥፋት አይደለም።»

«የመጀመሪያውም?»

«የመጀመሪያውም፣ ልጄ። ያንቺ ድርሻ መብላት፣ ማረፍ፣ ከክትትልሽ አለመቅረት ነው።»

አንጓች እዚያው ማሳው ዳር ተቀምጣ አለቀሰች። ለወረደው ልጇ ሳታፍር ስታለቅስ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

እኛ የምናደንቀው ማጭድ የያዘውን ነው። ለሁላችንም ግን ገና ዓይን ሳናበቅል፣ አይተናቸው የማናውቃቸው አውራጆች አካላችንን በየቦታው አቁመውልናል። ይህ ድንቅ ሥራ አንዳንዴ ሲሰናከል ጥፋቱን በእናቲቱ ላይ አንጫን። እናንተስ ያላጠፋችውን ተሸክማ የምትኖር ስንት እናት ታውቃላችሁ? ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ብሎስ ማን ነገራት?