ድልድዩና ድንጋይ ተሸካሚዋ ኤሊ

ተረት ላምጣ? «አምጪ» በሉኝ፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

ድሮ ድሮ፣ ቆላ አገር፣ በአንድ ደረቅ ወንዝ ላይ የባቡር ድልድይ ነበር። ባቡር ሲያልፍበት ሁሉም ያከብረው ነበር። በኋላ ለባቡሩ ሌላ መንገድ ተሠራለትና ሳይሰናበተው ሄደ፤ ሐዲዱም ዛገ። ከድልድዩ ሥር ግን ፍየሎች ከፀሐይ ይጠለላሉ፣ አህያ ታርፋለች፣ እመት ኤሊም እዚያው ትውላለች። ክረምት ሲገባ ደራሽ ውሃ በዚያው ያልፋል።

አንድ ቀን ዶዘር እያጓራ መጣ። የመንገዱ ሹም የድልድዩን ሥር በአፈር ድፈን ብሎ ልኮት ነው። ድልድዩ ይህን ሰምቶ አለቀሰ።

«ለራሴ አይደለም የማለቅሰው» አለ። «ውሃው ማለፊያ ሲያጣ ዞሮ ወንዙ ዳር ያለውን መንደር ይወስደዋል።»

እንስሳቱ መከሩና አህያን ላኩ። አህያ አንገቷን ደፍታ ለመነች፣ ተለማመጠች።

«ባቡር የለው፣ ምን ያደርጋል? ባዶ ነው፤ ባዶ ደግሞ ይሞላል» አለ ዶዘር። አንድ ክምር አፈርም ገፋ።

ፍየልን ላኩ። ፍየል አፏ መች ያርፋል፣ ተከራከረች፣ ተሳደበች፣ ብረቱንም በቀንዷ ወጋች። ቀንዷን አመማት እንጂ ዶዘር ምንም አልሆነ።

«ባዶ ነው፤ ባዶ ደግሞ ይሞላል» አለና ሁለተኛ ክምር ገፋ።

ያን ጊዜ እመት ኤሊ እኔ ልሂድ አለች። አንቺ እስክትደርሺ ተደፍኖ ያልቃል ብለው ሳቁባት። እሷ ሳቃቸውን ትታ መንገዷን ቀጠለች። ዶዘር ሦስተኛውን ክምር ሊገፋ ሲል ደረሰችና ፊቱ ቆማ አንገቷን ደፋች።

ዶዘር ጀርባዋን አይቶ ደነገጠ። በአገሩ ደንብ ድንጋይ ተሸክሞ ለዕርቅ የመጣን አልፎ መሄድ ነውር ነው። ሞተሩን አጠፋ።

«እመት ኤሊ፣ ድንጋይሽን አውርጂና ጉዳይሽን ንገሪኝ» አላት።

«ዳኛው ሳይመጣ አላወርድም፣ ጌታው።»

«ዳኛው ማን ነው?»

«ውሃው ነዋ።»

ዶዘር ምንም ቢሆን ነውር ይፈራል፤ ወንዙ ዳር ቆሞ ጠበቀ። የደጋው ሰማይ ሲያጉረመርም ቆየና ደራሽ ውሃ መጣ። ሁለቱን ክምር አፈር ጠራርጎ፣ ግንድ እያንከባለለ በድልድዩ ሥር አለፈ። መንደሩን አልነካም፤ በዚያ ሰዓት እናቶች ልጆቻቸውን ምሳ እያበሉ ነበር።

ዶዘር ይህን አይቶ ወደ ድልድዩ ዞረ። ይቅርታም ጠየቀው፤ ለሹሙም ያየሁትን እነግረዋለሁ ብሎ ቃል ገባ።

«በይ አሁን ድንጋይሽን አውርጂ፣ ታርቀናል» አላት።

«አይወርድም ጌታው፣ ቤቴ ነው» አለች ኤሊ።

ዶዘር እስኪንተከተክ ሳቀና ዞሮ ሄደ። ድልድዩም ከእንግዲህ ቀና በይ ብሎ ለመናት። እሷ ግን ሌላ ዶዘር ይመጣ ይሆናል ብላ ይኸው እስከ ዛሬ አንገቷን እንደደፋች ትዞራለች።

ባዶ ያሉት ሁሉ ጎዶሎ አይደለም፤ የውሃን መንገድ የደፈነ ቤቱን ለጎርፍ ሰጠ። እኔ ተረቴን አወረድኩ፤ ኤሊ ግን ድንጋይዋን አላወረደችም።