ያልዘመመው ግንበኛ

አንድ ንጉሥ ከበቅሎ ወድቆ አንገቱ ወደ ግራ ዘመመ። በማግስቱ ባለሟሎቹ ንጉሡ እንዳያፍር ብለው አንገታቸውን እንደ እሱ ዘንበል አድርገው ችሎት ቆሙ። ወር ሳይሞላ ገበያተኛው ሁሉ ዘመመ። ስለ ንጉሡ አንገት ማንሳት ነውር ስለሆነ ወጌሻ ይጠራ ያለም አልነበረም። ሰባት ዓመት ሲያልፍ ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ተረሳና ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው "ትዕቢተኛ" ይባል ጀመር።

አያልቅበት የሚባል ግንበኛ ብቻ ቀጥ እንዳለ ቀረ። ጀግና ነኝ ብሎ አይደለም። ግድግዳው መቅናቱን የሚለካባትን ቱንቢ አንገቱን አጣሞ ማየት ስለማይችል ነው። ሌሎቹ ግንበኞች ግን አዘንብለው የካቡት አጥር በየክረምቱ እየተናደባቸው "ዝናቡ በረታ" ይሉ ነበር።

አንድ ቀን "የንጉሡን አቋቋም የማይቆም አንገቱ ይቀላል" የሚል አዋጅ ተነገረ። የአያልቅበት ሚስት ስንዱ እግሩ ላይ ወደቀች።

"አንተ ሰው፣ ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ! ጥቂት ዘንበል ብትል ምን ይቀርብሃል? ለኔ ስትል!"

"ስንዱዬ፣ ለአንቺ ስል ዛሬ ዘንበል ልበል። ነገ ቤታችን ሲዘም በምን ዓይኔ አየዋለሁ?"

ወዲያው ወታደሮች በሩን መቱ።

ችሎቱ ላይ መኳንንቱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ አንገታቸውን እንደ ንጉሡ አዘንብለው ቆመዋል፤ ሰይፈኛው ሰይፉን መዝዟል። እውነቱን ለመናገር፣ አያልቅበት ለአፍታ አንገቱን ሊያዘነብል ዳድቶት ነበር።

"ይህ ሁሉ ሰው ተሳስቶ አንተ ብቻ ነህ ልክ?" አለ ንጉሡ።

"ጃንሆይ፣ ሕዝቡ ጤነኛ ነው። የታመሙት እርስዎ ነዎት።"

ሰይፈኛው አንድ እርምጃ ቀረበ። ንጉሡ ግን እጁን አንስቶ አስቆመውና አንገቱን ዳሰሰ።

"ሁሉም እኔን ሲመስል መታመሜን ረስቼው ኖሯል" አለ ቀስ ብሎ። "ወጌሻ ጥሩልኝ!"

ሽማግሌው ወጌሻ መጥቶ አንገቱን አሸት አሸት አደረገና ራሱን ነቀነቀ። "ጃንሆይ፣ ያኔ ቢጠሩኝ በአንድ ቀን አቀናው ነበር። አሁን ደርቋል።"

የንጉሡ ዓይን እንባ አቀረረ። ወደ መኳንንቱ ዞሮ "ከእናንተ አንዱ እንኳ ቀጥ ብሎ ቢቆምልኝ ኖሮ እድን ነበር" አለ። "በሉ፣ ቀና በሉ!"

ሞከሩ። ጥቂቶቹ እየቃተቱ ተቃኑ። የብዙዎቹ አንገት ግን አልታዘዝ አለ።

አያልቅበት በሰላም ወደ ቤቱ ተመለሰ። ስንዱ ደጅ ላይ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች።

ወዳጄ፣ ሰውን ላለማስከፋት ብለን ስንዘም እሱን መዳኛውን እናሳጣዋለን፤ እኛም ደርቀን እንቀራለን። እስቲ የራስህን አንገት ዳስሰው፤ ለማን ብለህ እንዳዘነበልከው ታስታውሳለህ?