ተደገፊኝ

ከወይን ዋሻ ገበያ ወደ ላይ፣ የጥዱ ጫካ ከሚጀምርበት ዳገት ሥር፣ ማረሻ ነክቶት የማያውቅ አንድ ለምለም መስክ አለ። ስሙ ተደገፊኝ ይባላል። ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ይህን ስም ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ የዘፈን እንጂ የመስክ ስም አይመስለውም። ሽማግሌዎቹ ግን ሲጠሩት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ስሙ ከየት እንደመጣ የጠየቃቸውንም ሰው መጀመሪያ ያስቀምጡታል።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ዘመን በዚያ የጥድ ጫካ ውስጥ ጭምቴ የሚባል እንስሳ ይኖር ነበር። ቁመናው ከበሬ ይበልጣል፤ ፀጉሩ ረጅምና አረንጓዴ የቀላቀለ፣ ጆሮው እንደ አህያ የረዘመ፣ ኮቴው ደረቅ ቅጠል ላይ ሲራመድ እንኳን የማይሰማ ነበር ይባላል። ቀንድ ነበረው የሚሉ አሉ፤ አልነበረውም የሚሉት ይበዛሉ። ሁሉም የሚስማሙት ግን ዝናብ እንደነካው አፈር ይሸት እንደነበርና ሰው ገና ከሩቅ ሲመጣ ሰምቶ የሚሸሽ ዓይነ አፋር እንስሳ እንደነበር ነው።

በዚያው ዘመን ከጫካው በታች ባለው መንደር ቢሻው የሚባል አዳኝ ከሚስቱ ከአንጓች ጋር ይኖር ነበር። ቢሻው በጦር አወራወሩ እስከ ወንዝ ማዶ የታወቀ፣ ንግግር ላይ ግን ቁጥብ የሆነ ሰው ነበር። አንጓች ጥጥ ፈታይ ነበረች፤ ስትፈትል ታወራለች፣ ትስቃለች፣ የባሏንም ድርሻ ጨምራ ትናገርለታለች። ብዙ ዓመት ከጠበቁ በኋላ ያገኟት አንዲት ልጅ ነበረቻቸውና ብርቄ ብለው ጠሯት። ብርቄ የወተት ጥርሶቿን ለውጣ ሳትጨርስ፣ ክረምት መግቢያ ላይ ትኩሳት ያዛትና ሞተች።

ለቅሶው አልቆ ዘመድ ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ ቢሻው የልጁን ስም ከአፉ አላወጣም። አንጓች ስሟን ባነሳች ቁጥር ጦሩን ይዞ ከቤት ይወጣል። እሷም ቀስ በቀስ ዝም አለች፤ የተባዘተው ጥጥ ሳይፈተል ተቀመጠ፣ እንቅልፍም ከዓይኗ ጠፋ። ልጅቱ ዓይኗን ከእናቷ፣ አገጯን ከአባቷ ወስዳ ነበርና ባልና ሚስቱ ፊት ለፊት መተያየት አቃታቸው ይባላል።

አንጓች ቤት ውስጥ ብታለቅስ ባሏን የምታባርረው ስለመሰላት፣ እንጨት ልልቀም እያለች ወደ ጥዱ መሄድ አዘወተረች። አንድ ቀን ከዳገቱ ሥር ተቀምጣ ስታለቅስ ማጅራቷ ላይ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ተሰማት። ዞራ ለማየት አልደፈረችም። አንድ ትልቅ ነገር ቀስ ብሎ ከኋላዋ ተኛና ጀርባውን ከጀርባዋ ጋር አገናኘ። ለምን እንዳልሮጠች በኋላ ሲጠይቋት፣ ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ የነካኝ የመጀመሪያው ሙቀት እሱ ነበር ብላለች ይባላል።

ከዚያ ወዲያ ባለቀሰች ጊዜ ሁሉ እንስሳው ይመጣ ጀመር። እሷም ለእሱ ጀርባዋን ሰጥታ ስለ ብርቄ ታወራለች፤ ስትጨርስ እንጨቷን ተሸክማ ትመለሳለች። ነጠላዋ ላይ አረንጓዴ ፀጉር ተጣብቆ እየገባች፣ የአውሬ ሁሉ ዱካ የሚለየው ባሏ አንድ ቀን እንኳን አላስተዋለም።

ያን ዓመት ከብት የሚፈጅ በሽታ ገባ። ሰው ምክንያት ሲፈልግ ጊዜ፣ በሽታውን ከጫካ ይዞት የሚወርደው ጭምቴ ነው ተባለ። የመንደሩ ጭቃ ሹም ቢሻውን አስጠርተው፣ እንስሳውን እንዲገድል ለምነውም አዘውም ነገሩት። ቢሻው አልተከራከረም። የሚገድለው ነገር ማግኘቱ በራሱ ሳያሳርፈው አልቀረም የሚሉ አሉ።

ጉሙ በተገለጠበት ረፋድ ዱካውን ተከትሎ ወደ መስኩ ወጣ፤ እንስሳውንም ተኝቶ አገኘው። ጦሩን አንስቶ የሚወጋበትን ጎድን ለማየት ወደ ጎን ዞር ሲል፣ ሚስቱን አየ። አንጓች ጀርባዋን እንስሳው ላይ አስደግፋ፣ አፏን ትንሽ ከፍታ፣ ከባድ እንቅልፍ ተኝታለች። ስትተኛ ካያት ወራት አልፈዋል።

ጭምቴም አየው። ጦሩንም አየ። ቢሻው ከዚያ ርቀት ወርውሮ ስቶ አያውቅም፤ እንስሳውም ገና የቅጠል ድምፅ ሲሰማ የሚሸሽ ነበር። አሁን ግን አልተንቀሳቀሰም፤ ቢነሳ የተኛችው ሴት ትወድቃለች። ሰውነቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ ጀርባው ብቻ ጸጥ ብሏል። አንዱን ጆሮውን ወደ እሷ አዙሮ ትንፋሿን ያዳምጥ ነበር ይባላል።

ያ የእሱ ቦታ እንደነበር ለቢሻው ያን ጊዜ ገባው ይላሉ። ጦሩን ሣሩ ላይ አጋድሞ፣ በጉልበቱ እየሄደ ቀረባቸውና ከሚስቱ ጎን ተቀምጦ እሱም እንስሳውን ተደገፈ። ልጁ ስትቀበር ያልወጣው እንባ እዚያ ወጣ። ጭምቴ ጥቂት ቆይቶ ገላውን በትንሽ በትንሹ ይስብ ጀመር፤ ቢሻውም ነገሩ ገብቶት በተለቀቀው ቦታ ጀርባውን እያስጠጋ ገባ። እንስሳው ተነስቶ ያለ ድምፅ ወደ ጥዱ ሲሄድ፣ አንጓች የባሏን ጀርባ ተደግፋ ነበር።

በዚህ መሃል ነቃች። የለመደችው ፀጉር አለመሆኑን አውቃ ልትዞር ስትል፣

«አትዙሪ፤ ተደገፊኝ» አላት።

ድምፁን ለየችው። «ስሟን ጥራልኝ» አለችው።

«ብርቄ» አለ። ደግሞም «ብርቄ።»

ፊት ለፊት ያልቻሉትን ጀርባ ለጀርባ ሆነው ቻሉት። ልጃቸው ለዶሮዎቹ ስም እያወጣች እንዴት ትጠራቸው እንደነበር፣ የአባቷን ቀበቶ ታጥቃ እንዴት ትደናቀፍ እንደነበር፣ አንዱ ሲረሳ ሌላው እያስታወሰ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አወሩ። አንድ ጊዜም ሳቁ፤ በሳቃቸውም ሁለቱም ደነገጡ ይባላል።

ቢሻው ወደ ጭቃ ሹሙ ሄዶ እንስሳውን አግኝቶ እንዳልገደለው ነገራቸው። ሹሙ በጣም ተቆጡ፤ ለምን ብለው ሲጠይቁት ግን ያየውን አንድም ሳይደብቅ አወራላቸው። እሳቸው ያን ሰሞን ታላቅ ወንድማቸውን ቀብረው፣ ሹም ናቸውና በሰው ፊት ሳያለቅሱ የከረሙ ሰው ነበሩ። ሲሰሙት ቆይተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቢሻው ሄዶ ከኋላቸው ተቀመጠና ጀርባውን ሰጣቸው። ሹሙ የወንድማቸውን ስም መጥራት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው ይባላል።

የከብቱ በሽታ ዝናቡ ሲያባራ እንደመጣ ሄደ። ጭምቴን ግን ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። አንጓች ሣር እየያዘች ብዙ ጊዜ ጫካው ዳር ቆማ ጠበቀችው፤ አልመጣም። ዕድሜ ልኳን የሚቆጫት ፊቱን በቅጡ አለማየቷ ነበር ይላሉ።

ዛሬ በዚያ አገር ለቅሶ የሚደርስ ሰው «እግዜር ያጥናችሁ» ካለ በኋላ ያዘነው ሰው ፊት ለፊት አይቀመጥም። ዞሮ ጀርባውን ይሰጠዋል፤ ሌላ ሰው መጥቶ ሳይተካውም አይነሳም። አምና አንድ የጨው ነጋዴ መንገድ ላይ የሰማውን ለቅሶ ልድረስ ብሎ ገብቶ፣ ባሏ ከሞተባት አሮጊት ጋር ጀርባ ለጀርባ ተቀመጠ። ሰዉ የሌላ ሰው ቀብር ሄዶ ስለነበረ ተተኪ አልተገኘም። አሮጊቷ እንቅልፍ ወሰዳት። ውጭ የተጫኑት በቅሎዎች መሬቱን ይጭራሉ፣ ገበያው ሊፈታ ነው፤ ነጋዴው ግን እንዳትነቃ ትንፋሹን እየመጠነ፣ በር በሩን እያየ ተቀምጦ ዋለ።