ይርጋ የት አለ?

አንድ ዘፋኝ ነበር። ወንድሙ ይርጋ በስብሰባ መሃል ተነስቶ «የሰፈራችን ውሃ ለምን ተቆረጠ?» ብሎ ስለጠየቀ የከተማው ገዢ አሳሰረው። የት እንዳሰረው ግን የሚናገር ጠፋ። ዘፋኙ ከእስር ቤት እስር ቤት ዞሮ ቢጠይቅ በየበሩ «እዚህ የለም» ተባለ። ከይርጋ ሌላ ዘመድ አልነበረውም። ናፍቆቱ ሲብስበት፣ ግማሹን በራፕ የሚያወራ ግማሹን በሜታል የሚጮህ አንድ አልበም አወጣ። የዋናው ዘፈን አዝማች «ይርጋ የት አለ?» የሚል ነበር።

አቤት፣ አልበሙ እንዴት ተወደደ! ታክሲው እሱን፣ ጂሙ እሱን፣ ፀጉር ቤቱ እሱን ይከፍታል። የገዢው ልጆች ሳይቀሩ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ይሰሙታል። አዋቂ ነን ባዮች «ራፕ ነው ወይስ ሜታል?» እያሉ ተጣሉ። አንዱ «ፖለቲካውን ቢተወው እኮ እንዴት ያለ ሙዚቃ ነበር!» አለ። ሌላው የይርጋ ስም ያለበት ቲሸርት ለበሰ። ዘፋኙ በየወሩ ስታዲየም ሲዘፍን፣ ሕዝቡ እጁን አንስቶ «ይርጋ የት አለ?» እያለ ይጮሃል። ከመድረክ ሲወርድ፣ «አይቼዋለሁ» የሚለኝ አንድ ሰው ባገኝ ብሎ ፊት ፊታቸውን ያያል። እነሱ አብረውት ፎቶ ተነስተው ይሄዳሉ። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልምምድ ላይ ሳለ፣ ጉሊት የምትቸረችር እትዬ ዘርፌ የምትባል ሴት ባዶ ምሳ ዕቃ ይዛ ገባች።

«ይርጋ የት አለ እያልክ የምትጮኸው አንተ ነህ?»

«አዎ እማማ። ወደዱት እንዴ?»

«ኧረ ወዲያ! ራሴን ነው የሚያዞረኝ። የጎረቤቴ ልጅ ጠዋት ማታ ይከፍተዋል። ሁሉም ሲጠይቅ እሰማለሁ፤ የሚመልስ ግን የለም። አንጀቴን በላኝና ፈልጌ አገኘሁልህ። ስታዲየሙ ጀርባ ያለው እስር ቤት ነው።»

ዘፋኙ ክው አለ። «እዚያማ ጠይቄ የለም ብለውኛል!»

«በባዶ እጅህ ነዋ የሄድከው! እኔ በየቅዳሜው ስንቅ ይዤ፣ የይርጋ ነው እያልኩ ከአንዱ እስር ቤት ወደ አንዱ ዞርኩ። የሌለበት ቤት ምግቡን ይመልስልኛል። እዚያ ግን ዘበኛው ምንም ሳይናገር ተቀበለኝ፤ ሳህኑም ባዶውን ወጣልኝ። ይኸው አምስት ቅዳሜ ሆነኝ። ባለፈው ደግሞ ምን ብሎ ቢልክብኝ ጥሩ ነው? ጨው በዛ!»

ዘፋኙ እየሳቀ አለቀሰ። ይርጋ ድሮም ጨው አይወድም ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ምሳ ዕቃውን ራሱ ይዞ ሄደ። ያን ሁሉ ጊዜ ስንቅ የተቀበለ ዘበኛ አሁን «የለም» ማለት አቃተው። ይርጋን ለአምስት ደቂቃ ከሽቦው ማዶ አቆመለት። ወንድማማቾቹ ጣት ለጣት ተያይዘው ተላቀሱ።

«ዘፈኔን ሰምተኸው ታውቃለህ?» አለ ዘፋኙ።

«ግጥሙ እንኳ አይሰማም» አለ ይርጋ። «ሕዝቡ ስሜን ሲጠራ ግን በየወሩ እሰማለሁ። መጀመሪያ ጊዜ መጡልኝ ብዬ ጫማዬን አጥልቄ በሩ ሥር ቆምኩ። ጩኸቱ አለቀ፤ ሰዉም ወደየቤቱ ሄደ። አሁንም ሲጀመር ጫማዬን አደርጋለሁ። ምን ላድርግ፣ ሰው ናፈቀኛ።»

ወዳጆቼ፣ ለተበደለ ሰው መጮህ ጥሩ ነው፤ እኔም ጩኸቱን አልጠላውም። ክፋቱ፣ ጮኸን ጮኸን ላብ ሲያጠምቀን ሥራውን የጨረስን ይመስለናል። ከዚያ ሁሉ ሺህ አድማጭ ጥያቄውን ከልቧ የሰማችው ሙዚቃውን የማትወደው አንዲት ሴት ብቻ ናት። እስኪ በቃላችሁ የያዛችሁትን ዘፈን አስቡት። እዚያ ውስጥ የምትጠሩት ሰው፣ እውነት መጡልኝ ብሎ ጫማውን አድርጎ እየጠበቃችሁ ቢሆንስ?