እመት ጃርትና በልተው የመጡት እንግዶች

ተረት ተረት! ጠጋ በሉ፤ ጆሯችሁን ስጡኝ፣ ሳቃችሁን ግን ትንሽ ያዙልኝ።

ድሮ ድሮ፣ አውሬው ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት፣ የቤት ዕቃ እንኳ ባለቤቱን በሚያማበት ዘመን፣ እመት ጃርት የምትባል የሦስት ልጆች እናት ነበረች። አገሯ ቆላ ነው። በቆላ የራበው «ራበኝ» ይላል። የጠገበው «ጠገብኩ» ይላል። እመጣለሁ ያለ ይመጣል፣ አልመጣም ያለ ይቀራል። እዚያ ንግግር አጭር ነው፤ ሙቀቱ ይመስለኛል።

አንድ ዓመት ድርቅ ሆነ። እመት ጃርት ልጆቿን ከኋላ አስከትላ፣ የእንጨት ጭልፋዋን በጥርሷ ነክሳ፣ ወደ ደጋ ወጣች። ከአንድ ተራራ ሥር ጉድጓድ ቆፍራ ገባች። ጉድጓዱ ይሞቃል፣ ጎረቤቱም ብዙ ነው። ክፋቱ አንድ ብቻ ነበር፤ የክረምት ጎርፍ ከተራራው ሲወርድ መንገዱ በእሷ ደጃፍ ነው። ጎርፉን ወደ ወንዝ የሚመልስ ቦይ ካልተቆፈረ እሷንም ልጆቿንም ውሃ ይወስዳቸዋል።

ብቻዋን ሞከረች። ሦስት ቀን ሙሉ ቆፈረች፣ ጫረች፣ ድንጋይ ገፋች። በሦስተኛው ቀን ወገቧን ይዛ ስታየው ያ ቦይ ለአንዲት አይጥ መኝታም አይበቃም።

«ጎረቤት እያለልኝ ምን አደከመኝ?» አለች። «አያ ከርከሮ በክራንቻው መሬት ይገለብጣል። ጋሽ ፍልፈል አፈር ውስጥ እንደ ልቡ ይሄዳል። አባ ዝንጀሮ ድንጋይ ማንሳት ያውቅበታል። እነዚህን ሦስቱን ጠርቼ ላብላ፣ ላጠጣ። ቤቴን ይልመዱት። ከዚያ እለምናቸዋለሁ።»

መሶብ ስላልነበራት ከሰፈሩ ተዋሰች። የተዋሰቻት እትዬ መሶብ ያረጀች የተከበረች ናት። ያልተቀመጠችበት ድግስ የለም፤ የሰፈሩን ሆድ አንድ በአንድ ታውቀዋለች።

እሁድ ቀን ሦስቱ እንግዶች መጡ። አያ ከርከሮ ግብዣውን ከሰማ ጀምሮ ቁርስ አልቀመሰም። ጋሽ ፍልፈል ምሳውንም ትቷል። አባ ዝንጀሮማ ከአርብ ጀምሮ ሆዱን ባዶ አድርጎ አስቀምጦታል።

«ግቡ፣ ግቡ! እንኳን መጣችሁልኝ!» አለች እመት ጃርት። እትዬ መሶብ ክዳኗን አነሳች። ትኩስ ዳቦና የባቄላ ንፍሮ አለ፤ በድስት ደግሞ ቅቤው ላዩ ላይ የሚንሳፈፍ የዱባ ወጥ ቀርቧል።

«ብሉ» አለች እመት ጃርት።

«ኧረ እኔ በልቼ ነው የመጣሁት» አለ አያ ከርከሮ።

«እኔም አሁን መዋጤ ነው፤ እዚህ ድረስ ነኝ» አለ ጋሽ ፍልፈል አንገቱን እያሳየ። ፍልፈል አንገት እንዳለው የታወቀው ያን ቀን ነው።

«እኛ ቤተኞች ነን፤ ለእኛ ብለሽ አትቸገሪ» አለ አባ ዝንጀሮ።

እዚህ ላይ ምን መባል እንዳለበት እናንተ ታውቃላችሁ። የደጋ ልጅ ሁሉ ከጡት ጋር የጠባው ነገር ነው። እመት ጃርት ግን የቆላ ናት። ፊቷ በደስታ በራ።

«እሰይ! እንኳን ጠገባችሁ!» አለችና መሶቡን ግጥም አድርጋ ከደነችው።

ሦስቱ እንግዶች መሶቡን አዩ። እርስ በርስ ተያዩ። እንደገና መሶቡን አዩ። በዚህ መሀል የከርከሮ ሆድ «ጉርርርር!» አለ።

«ሰማዩ አጉረመረመ ልበል?» አለች እመት ጃርት ደንግጣ። «እንዲያውም ዝናቡ ሳይቀድመኝ ቦይ መቆፈር ፈልጌ ነበር። ታግዙኛላችሁ?»

«ምን ገዶን!» አለ ከርከሮ።

«ነገ በጠዋት!» አለ ፍልፈል።

«ሳትጠሪን እንመጣለን!» አለ ዝንጀሮ።

በማግስቱ እመት ጃርት ጎህ ሲቀድ ጀምራ ደጃፏ ላይ ቁጭ አለች። ፀሐይ ወጣች፣ አናት ላይ ደረሰች፣ አዘቀዘቀች። አንድም እግር ብቅ አላለም። ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለና ደጃፉን አረጠበው።

«አሟቸው ይሆናል» አለች።

«ሦስቱንም በአንድ ቀን?» አለ ጭልፋው። እሱም እንደ እሷ ቆለኛ ነው፤ ያሰበውን ይናገራል። «ጨው አንሶ ይሆናል እንጂ፣ እሜቴ።»

«አልቀመሱትም እኮ!»

«ሲያዩት ያስታውቅ ይሆናል።»

ወደ መሶቧ ዞረች። «እትዬ መሶብ፣ ምን አጥፍቼ ነው?»

«ምንም» አለች እትዬ መሶብ።

«እሰይ!» ብላ ጃርት ወደ ሥራዋ ሄደች። እትዬ መሶብ ነገሩን በሆዷ እንደያዘች ቀረች። ምን ታድርግ? አንድ ጊዜ ብቻ ተጠይቃ ዘክዝካ የምትናገር ባለጌ አይደለችም።

በሁለተኛው እሁድ እመት ጃርት ዱባውን እጥፍ አደረገች፣ ጨውም ጨመረች። እንግዶቹም ተመካክረው ነበር የመጡት። «ያለፈው እኛ አብዝተን ተግደርድረን ነው። ዛሬ ቀነስ እናድርግ» ተባብለዋል።

«ብሉ» አለች እመት ጃርት።

«እንግዲህ ካልሽ፣ ለቅምሻ ያህል ትንሽ ብቻ» አለ ከርከሮ፣ ምራቁን እየዋጠ።

«ትንሽ ስንት ነው?» ብላ አሰበች ጃርት። ጨዋ ናትና ሳትሰስት ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ፍሬ ባቄላ አቀረበችላቸው። አባ ዝንጀሮ ሦስቱን ፍሬ በዓይኑ ቆጠራቸው። ጋሽ ፍልፈልን ግን ልማድ ቀደመው፤ «ኧረ ይሄ ሁሉ!» አለ።

«ውይ፣ ይቅርታ!» ብላ ሁለቱን መለሰችበት።

ሲሸኛኙ የቦዩን ነገር አነሳች። አሁንም «ምን ገዶን!» አሏት። አሁንም «ነገ በጠዋት!» አሏት። አሁንም አመነቻቸው፤ አሁንም ደጃፏ ላይ ውላ ገባች።

ያን ዕለት የጣለው ዝናብ ግን ቀልድ አልነበረም። ጎርፉ ደጃፉን አልፎ፣ መኝታውን አርሶ፣ ምድጃው ድረስ ገባ። ሦስቱ ልጆቿ በተገለበጠ ድስት ላይ ተደራርበው ቆሙና «እማ! እማ!» አሉ። እመት ጃርት ውሃውን በጭልፋ ስትቀዳ፣ ስትደፋ፣ ስትቀዳ፣ ስትደፋ ዋለች። በመጨረሻ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ልጆቿን ልታጣ ነው። ከዚህ ሁሉ ጎረቤትም አንድ የሚወዳት የለም። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንዳስለቀሳት እሷም አላወቀችው።

«እትዬ መሶብ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም።»

ልቅሶዋ መልሱን አላሰማትም። «ምን አጠፋሁ?» አለች ደግማ።

«ኧረ እኔ ምን አውቄ!»

«ንገሪኝ እንጂ! ልጆቼ ውሃ ላይ ቆመዋል!»

«እንግዲህ ግድ ካልሽኝ» አለች እትዬ መሶብና ክዳኗን አስተካክላ ጀመረች። «የኔ እህት፣ እዚህ አገር የመጀመሪያው እምቢታ ለአፍ ነው። ሁለተኛው ለጨዋነት ነው። ሦስተኛው ለይሉኝታ ነው። ሆድ የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። አንቺ ግን ገና አፍ ሲናገር ትከድኚኛለሽ። ከቤትሽ የወጡት እንዳዛጉ ነው!»

«በልተው የመጡ አልነበሩም?»

«ከአርብ ጀምሮ ባዶ ሆድ!»

«ታዲያ ምን ማለት ነበረብኝ?»

«አንደኛ ‹ብሉ እንጂ›። ሁለተኛ ‹አፈር ስሆን›። ሦስተኛ ‹በሞቴ›።»

የእመት ጃርት እሾህ ሁሉ ቆመ። «ልሙት? ለዱባ ወጥ?»

«አትሞቺም፤ ይባላል እንጂ። በሞቴ የተባለ እንግዳ እምቢ አይልም። ነውር ነው።»

ሦስተኛው እሁድ ደረሰ። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል። እንግዶቹ ግን ሁለት ጊዜ ተቀጥተዋልና ዛሬስ አልተታለሉም። ከርከሮ ሙሉ የድንች ማሳ ጨርሶ፣ ፍልፈል ሥራ ሥሩን ጠራርጎ፣ ዝንጀሮ ገብስ ሲያሻሽ አርፍዶ፣ የመጡት ለሐሜት የሚሆን ነገር ለመልቀም ብቻ ነው።

«ብሉ» አለች እመት ጃርት።

«በልቼ ነው የመጣሁት» አለ ከርከሮ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናገረ።

«ብሉ እንጂ!»

«እውነቴን ነው፣ እመት ጃርት! እዚህ ድረስ ነኝ!» አለ ፍልፈል።

«አፈር ስሆን!»

«ኧረ ሆዳችን ሊፈነዳ ነው!» አለ ዝንጀሮ።

«በሞቴ!»

በሞቴ ተብሏል። ከርከሮ እየቃተተ አፉን ከፈተ፤ እመት ጃርት ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚሞላ ጉርሻ አጎረሰችው። ፍልፈልን አጎረሰች፣ ዝንጀሮን አጎረሰች። ስትደሰት እሾኋ ሿ ሿ ይላል፤ እሾህ ፊታችሁ ሿ ሿ እያለ እምቢ ማለት ደግሞ ይከብዳል። ወጡም፣ እውነቱን እንነጋገር፣ ጣፋጭ ነበር። ይበላሉ ይቃትታሉ፤ ይበላሉ ይቃትታሉ።

«በቃን!»

«ምኑን በላችሁትና! ይቺን ብቻ!»

ሦስቱም ሆዳቸውን ይዘው በጀርባቸው ሲጋደሙ ሰማዩ አጉረመረመ። ዛሬስ የምር ሰማዩ ነው።

«ቦዩስ?» አለች እመት ጃርት።

«ነገ በጠዋት!» አሉ ሦስቱም በአንድ አፍ።

እመት ጃርት «እሰይ» ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። ለካ ይሄም የመጀመሪያው ነው! ይሄም የአፍ ነው!

«ዛሬ እንጂ!» አለች።

«ኧረ ዛሬስ ከዚህ የሚያስነሳንም የለ» አለ ከርከሮ።

«አፈር ስሆን!»

«ወገቤን እኮ ነው» አለ ዝንጀሮ።

«በሞቴ!»

እንግዶቹ ተያዩ። የበሉት በበሞቴ ነው፤ ለበሞቴ እምቢ የሚል አፍ ከየት ይመጣል? እያማረሩ ተነሱ። ከርከሮ በክራንቻው መሬቱን ገለበጠ። ፍልፈል ከሥር ፈለፈለ። ዝንጀሮ ድንጋዩን እየፈነቀለ ወረወረ። አንድ ክንድ ቆፍረው «በቃን!» አሉ።

«ምኑን ቆፈራችሁትና!» አለች እመት ጃርት ከኋላቸው ሿ ሿ እያለች። «ይቺን ድንጋይ ብቻ፣ አባ ዝንጀሮ፣ አፈር ስሆን!»

ድንጋዩ ተነሳ።

«ጋሽ ፍልፈል፣ ምነው ቀመስ አድርገው ተዉት? ሌላ ጭብጥ አፈር፣ በሞቴ!»

አፈሩ ወጣ።

«አያ ከርከሮ፣ እኔን ከወደድክ ይቺን ጥግ!»

ጥጉ ተገለበጠ። እንዲህ እየተለመኑ፣ እየተጋበዙ ቦዩን ወንዝ አደረሱት። ከርከሮ የመጨረሻዋን ጉብታ ሲመታ ጎርፉ ከተራራው እያጓራ ወረደ። የእመት ጃርት ደጃፍ ጋ ሲደርስ ታጠፈ። በቦዩ ገባና ወደ ወንዙ ሄደ።

እመት ጃርት ዞራ ልጆቿን አየች። ሦስቱም ደርቀው፣ ሞቋቸው፣ ተቃቅፈው ተኝተዋል። ደጃፏ ላይ ከአናታቸው እስከ ጭራቸው ጭቃ የለበሱ ሦስት ጎረቤቶች ቆመዋል። የበሉት ሁሉ ከሆዳቸው ጠፍቷል።

«ወጥ ተርፎኛል» አለቻቸው። «ትበ...»

«አዎ!» አሉ ሦስቱም።

እትዬ መሶብ እንዲህ ያለ ስድነት በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም፤ ያም ሆኖ ክዳኗን አነሳች። እመት ጃርትም ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻዋን በልታ አታውቅም።

እንግዲህ ደጋሾች፣ እንግዳችሁ እምቢ ሲል ቶሎ አትከድኑ። እንግዶችም ከመጉረሳችሁ በፊት ውጭውን አይታችሁ ጉረሱ። በሞቴ ተብሎ የበላ፣ በሞቴ ተብሎ ይቆፍራል።